ከጥምዝ ጆንያ ጋር እስከ ቡልቡላ

በደህና ሄደን በደህና ተመልሰናል። ይህን የማስቀድመው፣ ከመጣሁ ጀምሮ በመንገድ ያገኘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ብዙ ነው፤ ፎቁ ምን ያህል ይረዝማል፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት እንቅልፍ ይወስዳል ወይ፣ ውሃው ምን ምን ይላል። በየደጃፉ ቆሜ እየቆራረጥኩ ከማወራ፣ ከቦንጋ ተነሥተን አዲስ አበባ ቦሌ ደርሰን እስክንመለስ የሆነውን በየቀኑ ጻፍኩት። ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው።

ጽሑፉ እኛን በማያውቅ ሰው እጅ ከገባ ደግሞ ጥቂት ላስረዳ። ስሜ ወርቅነሽ ነው። የምንኖረው ከቦንጋ ወጣ ብሎ ጫካ ዳር ነው። ወገኖቼ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በጫካው የሚኖሩ ናቸው፤ የዱር ማር ይቆርጣሉ፣ ጥምዝና ኮረሪማ ይለቅማሉ፣ ለቤትና ለቀፎ የሚሆን ሐረግ ያመጣሉ። ከመንገዱ ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ገበሬዎች ናቸው። በእነሱና በእኛ መካከል የቆየ ልማድ አለ፤ ከእኛ ጋር ገበታ አይቀርቡም። ገበያ ላይ ሰላም እንባባላለን፣ ሐዘን ላይ አብረን እናለቅሳለን፣ ምግብ ሲቀርብ ግን እኛ ደጅ እንቀራለን። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ወጣቶቹ እየተዉት ነው፣ ትልልቆቹ ዘንድ ግን እስካሁን አለ።

የቅመም ማኅበራችን ከሁለቱም ወገን ሴቶች ያሉበት ነው። ሊቀመንበሯ እትዬ ብዙነሽ ከገበሬዎቹ ወገን ናቸው፣ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ኦሎምፒያ ቢሮ ያለው አንድ የቅመም ነጋዴ ናሙና ይዛችሁ ኑ ስላለን ሁለታችን ተላክን።

ስንሄድ አንድ ጭንቀት ነበረብኝ። ጥምዝ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል፣ ፍሬው እንደ ቀጭን ጣት ቀጥ ብሎ የሚቆም የቅመም ተክል ነው። እኛ የበሰለውን ብቻ በእጅ እንቀነጥሳለን እንጂ ግንዱን አንቆርጥም። እጃችን የማይደርስበትን ለወፍ እንተዋለን፤ ዘሩን ጫካ ለጫካ የሚበትንልን ወፉ ነው። ዘንድሮ የለቀምንበትን ጥግ ለከርሞ እናሳርፈዋለን። ነጋዴው ግን የዘንድሮውን መጠን በስልክ ስንነግረው፣ «የሚቀጥለውን እጥፍ ማድረግ ትችላላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። እትዬ ብዙነሽ «እናያለን» አሉት። ያ «እናያለን» ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ጫካው ቢራቆት ቀድሞ የሚራበው የእኔ ወገን ነው፤ የእሳቸው ወገን እርሻ አለው።

ሰኞ

በጠዋት ከቦንጋ ተነሣን። ጆንያችን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲወጣ እትዬ ብዙነሽ፣ «ቀስ በል ልጄ፣ ድንጋይ አይደለም!» እያሉ ረዳቱን አስቸገሩት። ጎጀብን ከተሻገርን በኋላ ጎማ ተነፈሰ። መለዋወጫው ሲወርድ እሱም ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ጎማውን በሌላ መኪና ወደ ሸቤ ልኮ እስኪያሠራ ድረስ መንገድ ዳር ተቀመጥን።

እዚያው አጠገብ ቤት ያላት አንዲት ሴት፣ ይህን ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ብታይ አዘነችና በሰፌድ የተቀቀለ ጎደሬ ይዛ መጣች። ማናችንንም አታውቀንም። «ብሉ፣ የመንገድ ነገር እንዲህ ነው» አለችን። ተሳፋሪው ሁሉ ሰፌዱን ከበበ። እትዬ ብዙነሽ ድርሻቸውን በኮባ ቅጠል ተቀብለው ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ዞር አሉ። እኔ እዚያ ስለነበርኩ ነው። የለመድኩት ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ በላሁ። ጎደሬው ከእኛው ጎደሬ ይልቅ ደረቅ ይላል፣ ግን ይጥማል።

ጅማ ስንደርስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና አልነበረም። በየአልቤርጎው ስንጠይቅ አመሸን፤ በመጨረሻ አንድ ቦታ አንድ አልጋ ብቻ ያለው ክፍል ተገኘ። ባለቤቲቱ ከራሷ ቤት ፍራሽ አውጥታ መሬት ላይ ዘረጋችልኝ፣ ተጨማሪም አልጠየቀችን። እትዬ ብዙነሽ አልጋው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና ጋቢያቸውን ወርወር አደረጉልኝ።

«ሲሚንቶ ይበርዳል፣ ልበሺ» አሉኝ።

ጋቢያቸውን ለብሼ ተኛሁ። ከእኔ ጋር ለማይበሉት ሰው ጋቢያቸው ገላዬን መንካቱ ምንም አልመሰላቸውም። የሰው ነገር ይገርማል።

ማክሰኞ

የጊቤ ቁልቁለት እንደ ምድጃ ይሞቃል። እኛ አገር በዚህ ወር ጭጋጉ ከዛፎቹ የሚለቀው ረፋዱ ላይ ነው፤ እዚያ ግን ጥላ የሚሆን ዛፍ እንኳ ዓይን አይገባም። ወልቂጤ ለምሳ ወረድን። አስተናጋጁ መጥቶ፣ «አንድ ላይ ይሁን?» አለን።

እትዬ ብዙነሽ ቶሎ ብለው፣ «ለየብቻ!» አሉ።

ልጁ የተጣላን መስሎት አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያየ፣ «በመንገድ መኳረፍ ጥሩ አይደለም እናቶች» ብሎን ሄደ። ሳቄም መጣ፣ አፈርኩም። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አዲስ አበባ ስንገባ የወንድማቸው ልጅ ሰላም አውቶቡስ ተራ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስልኳ ከእጇ የማይለይ ልጅ። ታክሲ በስልኳ ጠራች። ሾፌሩ ጆንያችንን ሲያነሣ፣ «ኧረ ምንድነው ይሄ? መኪናዬ ሊሸት ነው?» አለ። ከተማው መሐል እንደደረስን ግን፣ «አይ፣ እንደውም ደስ ይላል፣ ትንሽ ተዉልኝ» ማለት ጀመረ። እትዬ ብዙነሽ ጥቂት ቀንጥሰው ሰጡት።

የሰላም ቤት ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ። ሰላም እንደምትለው ቦታው ከጥቂት ዓመት በፊት እርሻ ነበር። አሁን ሕንጻ ብቻ ነው፤ ያለቀው ካላለቀው ጋር ተደባልቆ ቆሟል። ያላለቁት ዙሪያቸውን በባሕር ዛፍ እንጨት ታጥረው፣ ሠራተኞች ያንን ይዘው እንደ ማር ቆራጭ ይወጣሉ። የእኛ ማር ቆራጮች ሲወጡ በሐረግ ራሳቸውን ያስራሉ፤ እነዚህ ምንም አላሰሩም። አውሮፕላን ከራሳችን በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ደግሞ እትዬ ብዙነሽ ጎንበስ አሉ። ሰላም እየሳቀች፣ «አክስቴ፣ አይነካሽም! እኔ ራሱ መጀመሪያ እንደዚህ ነበርኩ» አለቻቸው።

አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣን። ቤቱ ከእኛ ጎተራ ቢበልጥ ትንሽ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው፣ ውሃውም ግድግዳ ውስጥ ነው የሚመጣው፤ በመጣ ቀን ማለቴ ነው። ሰላም ዶሮ ሠርታ ጠብቃን ነበር። አንድ ትልቅ ትሪ አመጣችና መሐላችን አስቀመጠችው።

«በሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ!»

እትዬ ብዙነሽ አልተንቀሳቀሱም። ልጅቷ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት፣ የእኛን ነገር አታውቅም። አክስቷን በእሷ ፊት ላዋርዳቸው አልፈለግኩም።

«እኔ ሆዴን አሞኛል፣ መንገዱ ይሆናል። እናንተ ብሉ» አልኩና ከትሪው ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

እትዬ ብዙነሽ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ከሰላም ጋር ሁለቱ ብቻ በሉ። የዶሮው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፣ ሆዴ ደግሞ ይጮሃል። ሰላም ግን አላስቻላትም፤ ወጥታ ጎረቤቷን ወይዘሮ ለተብርሃንን ጠራቻቸው። ከትግራይ የመጡ፣ ሹሩባቸው የሚያምር ትልቅ ሴት ናቸው። ትንሽ ቆይተው ብርድ ልብስ በአንድ እጅ፣ ትኩስ አጥሚት በሌላ እጅ ይዘው ከተፍ አሉ።

«ወይ ጓለይ፣ ልጄ! የመንገድ ሆድ ነው፣ ይሄን ጠጪው፣ ነገ ደህና ትሆኛለሽ» አሉኝ፣ ግንባሬን እየዳሰሱ።

አጥሚቱን እስከ ታች ጨረስኩት። ሳልታመም መታመሜ አሳፈረኝ። ወይዘሮ ለተብርሃን ግን ዋንጫውን ባዶ ሲያዩ፣ «አያችሁ? ተሻላት!» ብለው ደስ አላቸው።

ረቡዕ

ዛሬ ኦሎምፒያ የምንሄድበት ቀን ነው። ሚኒባሱ በቦሌ መንገድ ሲያልፍ የመንገዱን ዘንባባዎች አየሁ፤ ማንም ቅጠላቸውን አይቆርጥም፣ ሰሌን አይሠራባቸውም፣ ለዓይን ብቻ የቆሙ ናቸው። እትዬ ብዙነሽን ባሳያቸው፣ «ምን አገባን፣ ያምራሉ» አሉ። እኔ ግን በመንገዱ ሁሉ «እጥፍ ይሆናል ሊሉት ነው» እያልኩ በልቤ መልስ ሳዘጋጅ ቆየሁ፤ እሳቸውን በነጋዴ ፊት እንዴት ብዬ እቃወማለሁ?

የነጋዴው ቢሮ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። የእትዬ ብዙነሽ ጉልበት ደረጃ ስለማይችል ጥበቃው ሊፍቱን ከፈተልን። ጆንያውን መሐላችን አድርገን ገባን። ትንሽ እንደወጣን መብራት ጠፋ። ሊፍቱ ጋጭ ብሎ ቆመ።

እንደዚያ ያለ ጨለማ በጫካ ውስጥ የለም። ጫካ ሲጨልም ነፋስ አለ፣ ድምፅ አለ። እዚያ ግን የራሳችን ትንፋሽ ብቻ ነበር። የስልኬን መብራት አበራሁ። ከታች ጥበቃው፣ «አይዟችሁ! ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ነው!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ብዙነሽ ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ። ፊታቸው በላብ ረጥቧል።

«ወርቅነሽ፣ አየር አጠረኝ።»

«አለ እትዬ፣ በላይ በኩል ይገባል። በቀስታ ይተንፍሱ።» አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ። እጄን ጭምቅ አደረጉት።

«ውሃ አለሽ?»

የያዝኩት አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ነበር፤ ሚኒባስ ውስጥ ከግማሽ በላይ ጠጥቼዋለሁ። አወጣሁትና ተጠራጠርኩ።

«እትዬ፣ ጠጥቼበታለሁ።»

«ሰማሁ። ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው። አፉን እንኳ አልጠረጉትም፤ ከአፋቸው ሳያነሡ ጨረሱት። ከዚያ ባዶውን ጠርሙስ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ትናንት ሆድሽን አላመመሽም ነበር፣ አይደል?» አሉኝ።

«አላመመኝም።»

«አውቄ ነበር። አውቄ ነው የበላሁት። ዶሮው እንኳ አልወረደልኝም።»

እጃቸውን አልለቀቅኩም። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ቦግ አለ፣ ሊፍቱም መውጣት ጀመረ። በሩ ሲከፈት ሁለታችንም እንደ ልጅ ዘልለን ወጣን፤ ጆንያውን ረስተነው በሩ ሊዘጋበት ሲል እግሬን አስገብቼ አዳንኩት።

ነጋዴው አቶ ዮናስ ወጣት ነው። ሊፍቱ ውስጥ መቆየታችንን ሲሰማ ደነገጠ፣ «ሶሪ፣ በጣም ሶሪ» እያለ ሻይ አስመጣልን። ከዚያ ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ጥምዙን ሰበረ፣ አሸተተ፣ ቀመሰ። በክር የተሰካውን ኮረሪማም አንድ በአንድ አየ።

«ኳሊቲው አንደኛ ነው» አለ። «እንግዲህ በስልክ እንዳልኳችሁ፣ የሚቀጥለው ኦርደር እጥፍ ይሆናል?»

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«እጥፍ አይሆንም» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ግን እሱን ነው የሚያዩት።

«ለምን? ዋጋው ነው?»

«ዋጋው አይደለም። ጫካው የሚሰጠን የነገርንህን ያህል ነው። ወርቅነሽ፣ አስረጂው።»

አስረዳሁት። የበሰለውን ብቻ እንደምንቀነጥስ፣ የላይኛውን ለወፍ እንደምንተው፣ የለቀምንበትን ጥግ እንደምናሳርፍ፣ እጥፍ ካልን ግን ሰው ግንዱን መቁረጥ እንደሚጀምርና ከዚያ በኋላ ምንም እንደማይቀር። አቶ ዮናስ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። እንቢ ሊለን ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

«እውነቱን ልንገራችሁ? ተመስገን ነው» አለ። «ባለፈው ከሌላ ቦታ ኦኬ ኦኬ ብለውኝ፣ ከነግንዱ የተቆረጠ ላኩልኝ። ግማሹ አረንጓዴ ነበር፣ መጋዘን ውስጥ ሻገተብኝ። እኔ ብዙ የሚለኝን ሳይሆን ያለውን የሚልክልኝን ነው የምፈልገው። በየዓመቱ የዘንድሮውን ያህል ከላካችሁልኝ ይበቃኛል።»

ከቢሮው ስንወጣ እትዬ ብዙነሽ ሊፍቱን አልፈው ወደ ደረጃው ሄዱ። ጉልበታቸውን እየያዙ፣ እኔን እየተደገፉ፣ እስከ ታች በእግራችን ወረድን። በየፎቁ እያረፍን ሳቅን። በምን እንደሳቅን እንኳ አላውቀውም።

ማታ ሰላም ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ሠርታ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ከተቀመጡበት፣ «ሰላም፣ በአንድ ትሪ አድርጊው» አሉ።

ልጅቷ ግራ ገባት። «ትናንትም በአንድ ትሪ ነበር እኮ አክስቴ።»

«ዛሬም በአንድ ትሪ አድርጊው።»

እጃችንን ታጠብን። እሳቸው ቀድመው ቆረሱ፣ ከዚያ ቆም ብለው ጠበቁኝ። እኔም ቆረስኩ። እንጀራው ላይ ጣታችን ሲነካካ እጄን ልሰበስብ ነበር፣ እሳቸው ግን እንዳላዩ ሆነው ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ሰላም ስለ ሥራዋ እያወራች ነበር፤ ምንም አላስተዋለችም። እኔ ከሽሮው ጋር እንባዬንም ዋጥኩት።

ሐሙስ

እትዬ ብዙነሽ ሲኤምሲ አጠገብ ያለችውን ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንን ሳልሳለም አልሄድም ስላሉ ሰላም ከሥራ አስፈቅዳ ወሰደችን። መንገዱ እስከዚያ ድረስ ፎቅ በፎቅ ነው። ግቢው ውስጥ ግን ዛፍ አለ፣ ዝምታም አለ። ከወጣን በኋላ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ዳቦ ቆርሰን በላን። እትዬ ብዙነሽ ዛፉን ቀና ብለው አዩና፣ «ይሄ እኛ አገር ቢሆን ቀፎ ይሰቀልበት ነበር» አሉ። ሁለታችንም አገራችን እንደናፈቀችን ያኔ ነው ያወቅነው።

ስንመለስ ሰላም የምትሠራበት ሱፐርማርኬት ገባን። የቅመም መደርደሪያው ላይ ጥምዝ በትንንሽ ላስቲክ ታሽጎ አየን። «የት አገር ነው?» ብዬ ሰላምን ብጠይቃት አልተጻፈበትም። እትዬ ብዙነሽ አንዱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፤ «ጥሬውን ነው የለቀሙት» ብለው መለሱት።

ማታ ወይዘሮ ለተብርሃን መጡና ለመንገድ የሚሆን ደረቅ እንጀራ ሰጡን። «ሆድሽስ?» አሉኝ። «ድኛለሁ እማዬ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ጅማ አደርን። ያቺው የአልቤርጎ ባለቤት ስታየን እንደ ዘመድ ተቀበለችን፣ በዚህ ጊዜ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ተገኘ። ቅዳሜ ጎጀብን ተሻገርን። አየሩ ቀዘቀዘ፣ ጭጋጉ ታየ፣ አገራችን ቀረበች። አገራችን ስትቀርብ ደግሞ የአገራችን ሰውም ይቀርባል።

«እትዬ፣ አዲስ አበባ የሆነው እዚያው ቢቀር አልቀየምም» አልኳቸው።

«እኔ እቀየማለሁ» አሉ፣ ከመስኮቱ ሳይዞሩ።

ከቦንጋ በእግር ተነሣን። ቤታቸው ከእኔ ቤት ይቀድማል። ደጃቸው ስደርስ እንደ ልማዴ ልሰናበት ብል ክንዴን ያዙኝ። ባለቤታቸው አቶ ሀብቴ ከእንጨት መደቡ ላይ ተቀምጠው ቆጮና አይብ ቀርቦላቸው ነበር። ጠንካራ ሽማግሌ ናቸው፤ አባቴን ለብዙ ዘመን ያውቁታል፣ አንድ ቀንም ግን ቤታቸው አስገብተውት አያውቁም።

«እንኳን በደህና መጣችሁ» አሉ። «ሥራውስ?»

«ተስማማን። ያለንን ያህል ብቻ ልንልክ ነው» አሉ እትዬ ብዙነሽ። ከዚያ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ «ወርቅነሽ ከእኛ ጋር ትበላለች» አሉ።

አቶ ሀብቴ ሚስታቸውን አዩ። እኔን አዩ። ትሪውን አዩ። እግሮቼ ወደ ደጅ ሊወስዱኝ ፈለጉ፣ ክንዴ ግን እንደተያዘ ነው። ሽማግሌው እጃቸው ላይ የያዙትን ቆጮ አስቀመጡ። ተነሥተው ሊወጡ ነው ብዬ ዓይኔን ወደ መሬት አደረግኩ። መደቡ ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀና ስል ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀውልኛል።

«መንገድ ያደክማል» አሉኝ። «ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ቆጮው ትኩስ ነበር። አዲስ አበባ ስላየሁት ሁሉ ጠየቁኝ፤ ስለ ፎቁ፣ ስለ ሊፍቱ፣ ስለ አውሮፕላኑ። እየበላሁ መለስኩላቸው። ወደ ቤቴ ስሄድ መሽቶ ነበር፤ ልጆቼ እራት አቆይተውልኝ ነበርና፣ «ብሉት፣ እኔ ጠግቤያለሁ» አልኳቸው።